በወንድሜ ስም የመጣው መጽሐፍ

አዲስ ተማሪዎች በገቡ ቁጥር ፊታቸው ቆሜ የምደሰኩረው እኔ ነኝ። ሥልጠናው «የቤተ መጻሕፍቱን አገልግሎት አሟጦ መጠቀም» ይባላል። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ለእኔ ቢተውልኝ «ስልክ ቻርጅ ከማድረግ ሌላ እዚህ ምን ይሠራል?» እለው ነበር፤ አብዛኛው ተማሪ ወደኛ የሚመጣው መጀመሪያ ሶኬት ፍለጋ ነው፣ ቀጥሎ ጥላ፣ ቀጥሎ እንቅልፍ። ከልቡ መጽሐፍ ፈልጎ የመጣው ደግሞ የደራሲውን ስም አያውቅ፣ ርዕሱን አያውቅ፣ «ሰማያዊ ነው፣ ወፈር ይላል፣ ባለፈው እዚህ ጋ ነበር» ይለኛል። ደሜ ይፈላል። ቢሆንም አገኝለታለሁ።

አገኝለታለሁ ስል ጉራ አይደለም። የማጣቀሻ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬ ሰው ያጣውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ነው። መደርደሪያው ላይ ከሌለ መጋዘን ወርጄ አስሳለሁ። መጋዘን ውስጥ ከሌለ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ የውጭ መጽሔቶችን እበረብራለሁ። እዚያም ካጣሁት ሌላ ዩኒቨርሲቲ ጽፌ በውሰት አስመጣለሁ። አንድ የግብርና መምህር ስለ ሽንኩርት ትል የተጻፈ ጥናት ሲፈልግ ከርሞ ተስፋ ቆርጦ ሲወጣ፣ ደረጃው ላይ ሮጬ ደርሼበት እጁ ላይ አስቀምጬለታለሁ። ከዚያ ወዲህ ባየኝ ቁጥር ከወገቡ ዝቅ ብሎ ነው ሰላም የሚለኝ። ለትል እንኳ እንዲህ ከሆንኩ ለሥጋዬ እንዴት ልሆን እንደምችል ገምቱ።

ቤተሰቦቼ ግን ሥራዬን በቅጡ አያውቁትም። እማዬ ለጎረቤት ስትናገር «ዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ታድላለች» ነው የምትለው፣ ራሽን እንደማድል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ይቀልድብኛል። «ሚጢጢ፣ ዛሬስ ስንት ሰው ዝም አሰኘሽ?» ይለኛል ማታ ስገባ። ሽበት ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ለእሱ ግን አሁንም ሚጢጢ ነኝ፣ ለእኔም እሱ ጋሼ ነው።

ጋሼ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ «ሜትሮ» ይለዋል፤ በሱቁ በር የሚያልፍን ሰው በዓይኑ ለክቶ ወገቡን ስለሚናገር፣ የሚያናድደውም ሁልጊዜ ልክ ስለሚሆን። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ የአባታችን ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። እኔ ተማርኩ፣ ተመረቅኩ፣ ሥራ ያዝኩ። እሱ እኔን ሲያስተምር ማግባቱን ረሳው። አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ ብቀልድበት «ያላስታወስሽኝ አንቺ ነሽ» ብሎ ሳቀ። እናቴ፣ እሱና እኔ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሆነን ነው የኖርነው።

መጀመሪያ ያቃተው ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ነው። ዓይኑ ነው አልንና መነጽር ገዛሁለት። በመነጽሩ የመርፌዋን ቀዳዳ ቁልጭ አድርጎ ያያታል፤ ክሩ ግን አልገባ አለ። ቀጥሎ መቀሱ ከእጁ እየሾለከ ይወድቅ ጀመር። «ጨርቁ ነው የሚያዳልጠው» ይላል። ከዚያ አንድ ጠዋት ከክፍሉ አልወጣ ሲለን እማዬ ገብታ አየችው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ራሱ የሰፋውን ሸሚዝ ለብሶ፣ የመጀመሪያዋን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ነበር።

ሐኪም ቤት ይዘነው ሄድን። መርፌ እየወጉ፣ ኤሌክትሪክ እያስነኩ ጡንቻውን ሲመረምሩት ከረሙ። በመጨረሻው ቀን ሐኪሙ ጋሼን ለደም ምርመራ ላከውና እማዬንና እኔን ኮሪደር ላይ አስቆመን። ወጣት ነው። የእስክሪብቶውን ክዳን እየከፈተ እየዘጋ፣ ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች አንድ በአንድ እየሞቱ መሆናቸውን ነገረን። ከእጅ ይጀምርና ወደ እግር ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ጉሮሮ፣ በመጨረሻ ወደ መተንፈሻ።

«መድኃኒቱስ?» አለች እማዬ።

«የሚያድነው መድኃኒት የለም፣ እናቴ።»

እማዬ ሐኪሙን፣ ስኳር አልቋል እንዳላት ባለሱቅ አየችው። አላለቀሰች፣ አልጮኸች። አልገባትም ብዬ ልደግምላት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ነይ እንሂድ» አለችኝ። «መድኃኒቱ አንቺ ቤተ መጻሕፍት ይኖራል።»

ለጋሼ «ነርቭህ ደክሟል፤ ዕረፍትና ቫይታሚን ነው የሚያሻህ» አልነው። ቃሉን የመረጠችው እማዬ ናት። ቤት እንደገባን እኔን ለብቻ ጠርታ አስጠነቀቀችኝ። «አንዲት ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። ልቡ ከወደቀ እጁን አናነሳውም። አንቺ መድኃኒቱን እስክታገኚ ድረስ እሱ ምንም አይስማ። ያን ሁሉ መጽሐፍ ደርድራችሁ አንዱ እንኳ እንዴት አይጽፈውም? አይሆንም!»

ሙያዬን እንዲህ ከልቧ ያመነችበት ቀን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ ጀመርኩ። ፍለጋ ማለት የቃል ሥራ ነው። ዝርዝሩ ሲበዛብህ አንድ ቃል ትጨምርና ታጠበዋለህ፤ ሲያንስብህ አንድ ቃል ታወጣና ታሰፋዋለህ። ለተማሪዎች በየዓመቱ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። የበሽታውን ስም ብቻ ስጽፍ ማለቂያ የሌለው ጽሑፍ ግር ብሎ መጣ፤ ልቤ በደስታ ዘለለች። ይህን ሁሉ ሰው እያጠናው እንዴት መፍትሔ ይጠፋል? «ሕክምና» የሚል ጨመርኩበት። ቀነሰ፣ ግን ብዙ ነው። ከዚያ «መዳን» የሚል ጨመርኩ። የቀረውን አንድ በአንድ እየከፈትኩ አነበብኩት። በሁሉም ውስጥ ቃሉ አለ። ያለው ግን «እስካሁን መዳን አልተቻለም» በሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ምን ያውቃል፣ ቃሉን አየና አመጣልኝ።

አይጦች የዳኑበት አንድ ጥናት አገኘሁ። ሰነዱን አትሜ ሕክምና ፋኩልቲ ለማውቀው ፕሮፌሰር ይዤ ሄድኩ። መነጽሩን አውጥቶ አየውና «ሰው ላይ ሞክረውት አልሠራም» አለኝ፣ በለሆሳስ። ወንድሜ አይጥ ቢሆን ኖሮ ዛሬ መርፌው ውስጥ ክር ያስገባ ነበር። በዚህ ነገር ብቻዬን መጋዘን ውስጥ የሳቅሁት ሳቅ የጤና አልነበረም።

ማታ ስገባ እማዬ በር ላይ ትጠብቀኛለች።

«ተገኘ?»

«ገና ነው እማዬ።»

«የትኛው ግድግዳ ላይ ደረስሽ?»

ቤተ መጻሕፍቱን እንደ ቤት ጽዳት ነው የምታስበው፤ ከአንድ ጥግ ተነስቼ ወደ ሌላው የምጠርግ ይመስላታል። መጀመሪያ ላስረዳት ሞከርኩ። ኋላ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ «የሰሜኑን ጨርሻለሁ» ማለት ጀመርኩ። ደስ ይላታል። «በርቺ፣ ምሳሽን ጠብቀሽ ብዪ፣ ዓይንሽ እንዳይደክም» ትለኛለች። ጋሼ በዚህ ጊዜ ሳሎን ወንበሩ ላይ እጆቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሬዲዮ ያዳምጣል። ቫይታሚኑን በሰዓቱ ይውጣል። አንዷንም አሳልፎ አያውቅም፤ ያቺን ቀይ ፍሬ ወደ አፉ ሲወስድ ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

አቅም ማጣትን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። አላውቀውም ነበር ለካ። አቅም ማጣት መጽሐፍ ሲጠፋ አይደለም፤ መጽሐፉ ሁሉ ተገኝቶ፣ ሁሉም ተከፍቶ፣ ሁሉም አንድ ነገር ሲልህ ነው።

በኋላ መዳን የሚለውን ቃል ከፍለጋዬ አወጣሁት። ያወጣሁበትን ከሰዓት መርሳት አልችልም፤ አንዲት ቁልፍ ናት የተጫንኩት፣ ወንድሜን በገዛ እጄ የገፋሁት ያህል ነው የተሰማኝ። በምትኩ ሌላ ነገር መፈለግ ጀመርኩ፦ ሰው ምግብ ሲያንቀው እንዴት ይያዛል፣ እንዴት ይተኛል፣ እጁ የማይታዘዝ ሰው እንዴት ይለብሳል። በዚህ ፍለጋ ላይ ነው ያ መጽሐፍ የመጣው። እንዲህ ያሉ በሽተኞችን ለረጅም ጊዜ ያስታመመች ነርስ ለበሽተኛውና ለቤተሰቡ የጻፈችው መመሪያ ነው። የጠቀሱት ሁሉ ያመሰግኑታል። ኮምፒውተር ላይ የለም፤ ወረቀቱ ብቻ ሌላ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

በውሰት ማስመጣት ለእኔ ቀላል ነው፤ ለሌላ ሰው ከሆነ ማለቴ ነው፣ ለራሴ አይደለም። የእኛ ቤተ መጻሕፍት ሕግ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ በሠራተኛ ስም አይመጣም ይላል። ድሮ አንድ ባልደረባችን የሌላ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አስመጥቶ ይዞት ጡረታ ስለወጣ ነው ሕጉ የወጣው። አለቃችንን ለመንኩት። «ሕጉን እኮ ያረቀቅሽው አንቺ ነሽ» አለኝ፤ እውነቱን ነው። «የተመዘገበ አንባቢ ካለሽ በእሱ ስም ይምጣ» ብሎ አሰናበተኝ።

ስለዚህ ጋሼን የውጭ አንባቢ አድርጌ መዘገብኩት። ፎቶው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሙያ የሚለው ጋ ልብስ ሰፊ ብዬ ጻፍኩ። ስልክ ቁጥር የሚለው ጋ ስደርስ ጣቶቼ ቁጥሩን ራሳቸው መቱት፣ የእሱን፣ ትክክለኛውን። እኔ እኮ ነኝ የተሳሳተ ቁጥር ያስመዘገበ ተማሪ ካርድ የማግድ! ለቁጥር ስህተት ስንቱን ከበር መልሻለሁ፣ ስንቱን አስለቅሻለሁ። የሌለ ቁጥር ማስገባት ጭራሽ አልታሰበኝም። የራሴን ማስገባትም ትዝ አላለኝም፤ አንባቢው እኔ አይደለሁማ። መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ ሳየው ደስ ብሎኝ ዘጋሁት።

መጽሐፉ ሲደርስ እኔው ተረክቤ፣ ቤት በስውር አንብቤ፣ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

የአዲስ ተማሪዎች ሥልጠና ደረሰ። አዳራሹ መግቢያ ላይ፣ ከውሰት ጠረጴዛው ፊት ለፊት ሰብስቤያቸው እናገራለሁ። ከፊት የቆሙት ይሰማሉ፣ ከኋላ ያሉት ሶኬት ይፈልጋሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ባልደረባዬ ተማሪዎች «ዝምታ» ብለው የሰየሟት ናት፤ «ዝም በሉ!» ብላ ስትጮህ ፎቅ ላይ ያሉት ስለሚደነግጡ። ልቧ ግን ቅቤ ነው።

«ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለ መጽሐፍ ብትፈልጉ እናስመጣለን» እያልኩ ነው። «እየተመላለሳችሁ መጣ ወይ ብላችሁ መጠየቅ የለባችሁም። መጽሐፉ የደረሰ ቀን ርዕሱና የአንባቢው ስም በስልካችሁ መልእክት ይደርሳችኋል።»

ይህን ብዬ ቀና ስል ጋሼ በሩን በትከሻው ገፍቶ ሲገባ አየሁት።

ግራጫ ኮቱን ለብሷል፣ አልተቆለፈም። ግራ እግሩን ይጎትታል። በሠራሁበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን ሥራ ቦታዬ መጥቶ አያውቅም፤ «የተማረ ሰው ሱሪው ልኩ አይደለም፣ ሳየው ያመኛል» ይል ነበር። እኔን አላየኝም። ስልኩን በሁለት እጁ መዳፍ መሐል አጣብቆ ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ውሰት ጠረጴዛው ሄደ። ያኔ ገባኝ። የገዛ ንግግሬ አፌ ላይ ደረቀ፤ ተማሪዎቹ «ከዚያስ?» እንደማለት ያዩኛል፣ እኔ ዞሬ እሱን አያለሁ።

«ኧረ ይምጡ ይምጡ!» አለች ዝምታ፣ በዚያ ድምጿ። የእኔ ወንድም መሆኑን አታውቅም። «መልእክቱ ደርሶዎት ነው? ገና ጠዋት እኮ ነው የገባው፤ አያችሁ አገልግሎታችንን!» መጽሐፉን ከኋላዋ አነሳችና ሽፋኑን አየችው። በውጭ ቋንቋ ነው። ሰውዬው እንዳይቸገር ብላ፣ ከደግነቷ፣ ጮክ ብላ ተረጎመችለት። «የእንቅስቃሴ... ነርቮች መሞት። ለበሽተኛው... ለበሽተኛውና ለቤተሰቡ መመሪያ። ውይ፣ ከባድ ነገር ነው መሰለኝ። ለጥናት ነው?»

ጋሼ ሽፋኑን አየው።

«አዎ» አላት። «ለጥናት ነው።»

ተማሪዎቹን ትቼ ሮጥኩ። ስደርስ ዝምታ እስክሪብቶ እያቀበለችው ነበር። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

«እኔ ልፈርም» አልኩ።

«አንቺማ አይሆንም» አለችኝ ሳቅ ብላ። «አንባቢው ራሱ ነው፤ ይህን ሕግ ደግሞ ለአንቺ ልንገርሽ?»

ጋሼ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም፣ አልገረመውም። እስክሪብቶውን በጡጫው ጨበጠና ወረቀቱ ላይ ጎተተው። የወጣው ፊርማ አይደለም፣ ወደ ታች የወረደ መስመር ነው። የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ ላይ ዓይን የማያየው ስፌት ይሰፋ የነበረ እጅ ነው ይህ። ዝምታ መስመሩን አየች፣ እሱን አየች፣ እኔን አየች፤ ቀስ ብላ መጽሐፉን ወደኛ ገፋችልን። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ጠፋ።

«ሚጢጢ» አለኝ ጋሼ፣ «ለልጆቹ ብዙ ነገር አለን እያልሽ ስትነግሪያቸው ሰምቼሻለሁ። ለማያነብ ሰው የሚነበብበት ቦታስ አላችሁ?»

አለን። ምድር ቤት፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ጮክ ተብሎ የሚነበብበት ጠባብ ክፍል አለ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ድምፅ የማያስወጣ ወፍራም በር። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዘኝ፤ ድሮ መንገድ ሲያሻግረኝ እኔ ነበርኩ ክንዱን የምይዘው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ረዳሁት። ኮቱን ልቆልፍለት እጄን ሰደድኩና መልሼ ሰበሰብኩት።

«ጋሼ፣ ቤት እንሂድና እዚያ እንነጋገር» አልኩት።

«ቤት እማዬ አለች። እሷ የምታውቀው እኔ እንደማላውቅ ነው። እንደዚያው ይሁንላት።»

«ይህ መጽሐፍ እኮ... ለሌላ ሰው ነው፣ በስህተት ነው በአንተ ስም...»

«ሚጢጢ።»

መጽሐፉን በክንዱ ወደኔ ገፋው።

«በእኔ ስም የመጣ ነገር ነው። አንብቢልኝ። በእኛ ቋንቋ አድርገሽ፣ እያየሽ።»

ከፈትኩት። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀመርኩ። ነርስዋ ቀለል አድርጋ ነው የጻፈችው፤ መተርጎም አይከብድም፣ መናገር ነው የሚከብደው።

«ከጣት ይጀምራል ይላል?» አቋረጠኝ።

«ብዙ ሰው ላይ... አዎ።»

«ትክክል ነው» አለ፣ ደንበኛ ያመጣለትን ልኬት ሲያጸድቅ እንደሚለው። «ቀጥዪ።»

ስለ እግር አነበብኩ። ስለ ጉሮሮ አነበብኩ፤ ውኃ ከወፍራም ምግብ ይልቅ ቶሎ እንደሚያንቅ።

«ለካ ይሄ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ውኃው። ሲያንቀኝ ከርሟል። እናንተ ስትተኙ ነው የምጠጣው።»

እኛ ስንደብቀው እሱም ሲደብቀን ከርሟል። ሦስት ሰው አንድ ቤት ውስጥ፣ እያንዳንዱ ለሌላው ሲል አፉን ይዞ። ሳሎናችን ከቤተ መጻሕፍቱ የባሰ ጸጥ ያለ የነበረው ለካ በዚህ ነው።

ገጹን ገለጥኩ። ቀጣዩ አንቀጽ ሰው በዚህ በሽታ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚናገረው ነው። ዓይኔ አየውና አለፈው። ከሥሩ ስለ አካል እንቅስቃሴ ተጽፏል፤ ድምፄን ሳልለውጥ ወደዚያ ወረድኩ።

«ዘለልሽ» አለኝ።

«አልዘለልኩም።»

«እኔ ሜትር ስይዝ ሆዱን የሚስብ ሰው አለ። ቀጭን ነኝ ለማለት። እንዴት እንደማውቅበት ታውቂያለሽ? ትንፋሹን ይይዛል። አሁን ትንፋሽሽን ይዘሻል። ልኩን ከደበቅሽኝ ልብሱ አይሆንም፤ መልሰሽ አንብቢው።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ለተማሪ ሁሉ መልስ አይደበቅም ስል ኖሬያለሁ። በዚያች ሰዓት ግን መጽሐፉን ዘግቼ፣ መብራቱን አጥፍቼ፣ ወንድሜን በጀርባዬ አዝዬ ብሮጥ ወደድኩ። ወዴት? የምሮጥበት ቦታ ሁሉ ተነቦ አልቋል።

«ከሁለት እስከ አምስት ዓመት» አልኩ። «ከዚያ በላይ የቆዩም አሉ።»

«የመጨረሻው የመጽሐፉ ነው ወይስ ያንቺ?»

«የመጽሐፉ ነው! ይኸው፣ እይ።» መጽሐፉን አዙሬ ጣቴን መስመሩ ላይ አደረግሁለት። ቋንቋውን አያውቀውም፤ ግን ጎንበስ ብሎ ጣቴ ያረፈበትን ቦታ ረጅም ጊዜ አየው። ልብስ ሰፍቶ ሲጨርስ ጠማማ ስፌት እንዳይኖር እንደሚያየው ነው ያየው።

ከላይ የተማሪዎቹ ኮቴ ይሰማል። ያለ እኔ መበተናቸው ነው።

«መድኃኒትስ?» አለ።

«የለውም።»

«ፈልገሻል?»

«ፈልጌያለሁ።»

«ያለውን ሁሉ?»

«ያለውን ሁሉ፣ ጋሼ። የቀረ የለም። ሰው የጻፈውን ሁሉ አይቻለሁ። ከእኔ በላይ መፈለግ የሚችል ቢኖር እግሩ ላይ ወድቄ እለምነው ነበር፤ ግን ሥራው የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ የምችለው፣ እኔም አላገኘሁትም።» ይህን ስል ድምፄ ከፍ አለ፤ የተናደድኩት በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም።

ጋሼ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ስለ ራሱ ሌላ ነገር የሚጠይቀኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። መጽሐፉን ትቶ ፊቴን ነበር የሚያየው።

«ይህን ሁሉ ስታነቢ የከረምሽው ብቻሽን ነው?»

ከሐኪም ቤቱ ኮሪደር ጀምሮ አንድ ዘለላ ሳይወጣኝ የከረመው እንባ አንድ ላይ መጣ። አፌን በእጄ ብይዘው በአፍንጫዬ ወጣ፤ በሩ ወፍራም ባይሆን ሕንፃው ሁሉ ይሰማኝ ነበር። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፣ ሚጢጢ እንደሆንኩ።

ጋሼ እጁን አነሳ። ልጅ ሳለሁ ሳለቅስ በአውራ ጣቱ ጉንጬን የመጥረግ ልማድ ነበረው። እጁ ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አለና ወደቀ። እንደገና አነሳው። አሁንም ወደቀ። ሁለታችንም እጁን አየነው። ሦስተኛውን ሲሞክር ከንፈሩን ነከሰ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ እጁ ግን ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ ቀረ፣ የእሱ እንዳልሆነ ሁሉ። በፊቱ ላይ ያየሁትን አቅም ማጣት በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ቦታ አላነበብኩትም።

ወንበሬን አስጠጋሁ። ጎንበስ አልኩና ጉንጬን ጠረጴዛው ላይ፣ መዳፉ አጠገብ አስተኛሁት። አውራ ጣቱ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች። ከዓይኔ ሥር ደረሰች፣ እዚያ ቆመች፣ ከዚያ አልፋ መሄድ አልቻለችም። እኔ ነኝ ፊቴን በጣቱ ላይ ያንቀሳቀስኩት።



«በይ ተነሺ» አለኝ በመጨረሻ፣ በዚያ ሱቁ ውስጥ ሥራ ሲከመርበት በሚያወጣው ድምፅ። «አፍንጫሽን ጥረጊ። ውኃው እንዳያንቀኝ ምን አድርጉ ይላል? እሱን አንብቢልኝ።»

ቀና ብዬ መጽሐፉን ሳብኩት።

«የትኛው ገጽ ላይ ነው?» አለኝ።

«የሚቀጥለው ላይ።»

«ግለጪው እንግዲህ። እኔ አልችልም።»

ገለጥኩለት።